የ«እሱ ማነው?» መሪጌታ

ትርንጎ በራፌ ላይ ቆማ «እሳቸው አረፉ» አለችኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኋትም። በእሷና በእኔ መካከል «እሳቸው» የሚባሉ ሰው አንድ ብቻ ነበሩ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። «ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ቁስቋም ነው። የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ባለቤታቸው እመት ይርገዱ አዘውኛል» ብላኝ እንደ ቸኮለች ሄደች። እኔ በሩን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ። ወዲያው አለቀስኩ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ዕንባው የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው።

መሪጌታ ላቀውን ያወቅኋቸው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ጎንደር በተመደብኩ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤታችን ጣሊያን ጥሎት የሄደ የድንጋይ ቤት ነበር። እሳቸው አማርኛ ያስተምራሉ። ራሳቸው ላይ ነጭ ጥምጥም፣ ትከሻቸው ላይ ጥቁር ያስነከሩት የጣሊያን ወታደር ካፖርት፣ ክንዳቸው ሥር ደግሞ መዝጊያው የተበጠሰ የቆዳ ቦርሳ። ከላይ ቄስ፣ ከታች ሻምበል የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አዩኝና «ምን ታስተምራለህ?» አሉኝ። ሒሳብ አልኳቸው። «ሸጋ ነው። ቁጥር አይዋሽም፤ ቆጣሪው ነው የሚዋሽ» ብለው አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። በሃያ አራት ዓመቴ «አያ ሒሳብ» ሆኜ ቀረሁ።

ቅኔውን ጎጃም ተሻግረው፣ ዜማውን እዚሁ ጎንደር የተማሩ ሊቅ ናቸው። ግን ከተማሩት ሁሉ ልባቸውን የወሰደው ተውላጠ ስም ነበር፤ እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እሷ የምንላቸው፣ በስም ፈንታ የሚገቡ ቃላት። ሌላው መምህር በአንድ ሳምንት የሚያልፈውን እሳቸው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያስተምሩታል። በግእዝ ሰዋስው እነዚህ ቃላት አሥር ናቸው፤ አሥሩ መራሕያን ይባላሉ። ተማሪዎቻቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ውእቱ፣ ይእቲ፣ ውእቶሙ፣ ውእቶን፣ አንተ፣ አንቲ፣ አንትሙ፣ አንትን፣ አነ፣ ንሕነ።

«ልብ በሉ» ይላሉ መሪጌታ። «‹እሱ› አንደኛ ነው። ‹እኔ› ዘጠነኛ ነው። አባቶቻችን ቦታ አጥተው ይመስላችኋል? ሰው ስለ ራሱ የሚያወራው ስምንት ሰው አሳልፎ ነው።»

የእንግሊዝኛው መምህር አንድ ቀን «በእንግሊዝኛ ግን ‹እኔ› ነው አንደኛው» ቢሏቸው፣ «ለዚህ ነዋ ሲሄዱ የሚሮጡት» አሏቸው።

ይህን ለማስተማሪያ ብቻ አልነበረም የሚሉት፤ ኖረውበታል። ዳይሬክተራችን በስብሰባ ላይ ንግግር ሲያደርጉ መሪጌታ ከካፖርታቸው ኪስ መቁጠሪያቸውን አውጥተው በዝግታ ማንከባለል ይጀምራሉ። ዳይሬክተሩ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚጸልዩ እየመሰላቸው ደስ ይላቸው ነበር። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አርባ አንድ» አሉኝ። ምኑ? ብላቸው «‹እኔ›» አሉኝ። ዳይሬክተሩ «እኔ» ባሉ ቁጥር አንድ ፍሬ ያሳልፉ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ኪሳቸው ነው።

ተማሪ አይመቱም ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ራሱ ጉድ ነው። ያጠፋውን ልጅ «አንቱ» ይሉታል። «አንቱ፣ ምነው ዘገዩ? ይቀመጡ እንጂ፤ ምንጣፍ ይነጠፍልዎ?» ሲሉት የክፍሉ ልጆች ይስቃሉ፣ ልጁ ግን መሬት ብትውጠው ይወዳል። ይቅር ሲሉት «በል አንተ፣ ተቀመጥ» ይሉታል፤ ልጁም በ«አንተ» ደስ ብሎት ይቀመጣል።

በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሬዲዮ ያለው ቤት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት አራዳ በሚገኘው የድሮ የጣሊያን ሲኒማ አዳራሽ የትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ሲኖር፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ባላገሩ አህያውን አስሮ ይመጣል። ሒሳብ ነበር፣ ታሪክ ነበር፣ ጂኦግራፊ ነበር። ሰዉ የሚጠብቀው ግን የመጨረሻውን ዙር፣ የመሪጌታን «እሱ ማነው?» ነው። ስም ሳይጠሩ፣ በተውላጠ ስም ብቻ አንድን ነገር ይገልጹታል፤ ተማሪው ስሙን ያመጣል። ለምሳሌ፦ «እነሱ አሥራ ሦስት ናቸው። አሥራ ሁለቱ እኩል ይካፈላሉ፤ እሷ ትራፊውን ትለቅማለች። እነሱ እነማን ናቸው?» ተማሪው «ወራት፤ ትራፊ ለቃሚዋ ጳጉሜ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ሰዓት ያዡና ደወል ደዋዩ እኔ ነበርኩ። ለአንድ ጥያቄ ሠላሳ ሴኮንድ ነው፤ ከዚያ ትንሿን የእጅ ደወል አቃጭላለሁ። በዚህ ሥራዬ ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

ጥያቄ አወጣጣቸው ለብቻው ታሪክ ነው። አንዱን ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት በመቃ ብዕር ይጽፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተው አራዳ ይወርዳሉ። በረንዳ ላይ ስፌት መኪናውን ለሚረግጠው ልብስ ሰፊ ያነቡለታል። እህል ለሚሰፍረው ያነቡለታል። ሁለቱም ካልመለሱት ይቀድዱታል። «ሰው የማይመልሰው ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ ጉራ ነው» ይሉ ነበር። ከሁሉ በኋላ ደግሞ ቤታቸው ሄደው ለባለቤታቸው ለእመት ይርገዱ ያነቡላቸዋል። እመት ይርገዱ ጥጥ እየፈተሉ ይሰማሉ። ምንም አይሉም። ጥያቄው ነውር ካለበት፣ ሰው የሚያስቀይም ከሆነ፣ እንዝርታቸው ይቆማል። እንዝርቱ ከቆመ መሪጌታ ምክንያቱን እንኳ ሳይጠይቁ ወረቀቱን ይቀድዱታል። «እኔ ሰዋስው አውቃለሁ፤ እሷ ሰው ታውቃለች» ብለውኛል።

ትርንጎ የመሪጌታ ተማሪ ነበረች። ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ገና በሕፃንነቷ ለኮላ ድባው ግራዝማች ልጅ ታጭታ፣ ቃል ኪዳኑ ታስሮ፣ ቤት ሳትገባ ቁስቋም አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ እንድትማር ተፈቅዶላት ነበር። ግራዝማች የፈቀዱት «ፊደል ትቁጠር፣ ዳዊት ታንብብ» ብለው ነው እንጂ እስከ ላይ ትዘልቃለች ብለው አይደለም። በዚያ ዓመት «በቃት፤ ቤቷ ትግባ» የሚል መልእክት ላኩ። ልጅቷ እንዲህ ያለች ብርቱ ነበረች፤ ክፍልፋይ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ስሳሳት ዝም ብላ ጣቷን ታነሣለች። እውነት ለመናገር ሁለት ጊዜ አርማኛለች። ሦስት ጊዜ።

መሪጌታ ግራዝማችን ለክርክር ጉዳይ አራዳ በመጡበት ቀን ጠብቀው አገኟቸው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ግራዝማች ግዙፍ፣ ጢማቸው የተከረከመ፣ ቃላቸው የተቆጠረ ሰው ናቸው። መሪጌታ ስለ ልጅቷ ሲያወሩ ዝም ብለው ሰሟቸው፤ በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው መሪጌታ። ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታደርጉት ነገር አለ አይደል? ወንዶቹን በልጣ አንደኛ ከወጣች ትማር፤ እስከፈለገችበት ትዝለቅ። ካልወጣች ግን በዚያው ሳምንት ወስጄ ቤቷ አስገባታለሁ። ቃሌ ይኸው ነው።»

መሪጌታ «ይሁን» አሉ። እኔ በልቤ ልጅቷ አሸንፋለች ብዬ ጨርሼ ነበር።

ትርንጎ ሦስት ቅዳሜ አሸንፋ ለመጨረሻው ደረሰች። በዕለቱ ጠዋት ግን የተፎካካሪው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አዳራሹ ድረስ መጥተው አቤቱታ አቀረቡ። ልጅቷ የጠያቂው ተማሪ ስለሆነች ጥያቄዎቹን ሳታውቅ አትቀርም፣ አሉ። መሪጌታ ፊታቸው ሲለዋወጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ልብስ ሰፊው የሰማቸውን፣ እህል ሰፋሪው የሰማቸውን፣ እመት ይርገዱ እየፈተሉ ያሳለፏቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ሁሉ አውጥተው በሰዉ ፊት ቀደዷቸው። ከዚያ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለው አዲስ ጥያቄዎች ጻፉ። «እንግዲህ እኔን የሚጠረጥር ካለ ይናገር» አሉ። መቁጠሪያ በኪሴ ኖሮኝ ቢሆን አንድ ፍሬ አሳልፍ ነበር።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ግራዝማች ነጭ በነጭ ለብሰው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ውድድሩ ተካሂዶ ትርንጎና አንድ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ እኩል ነጥብ ላይ ቆሙ። ደንቡ እንደሚለው ሁለቱም ከሙዳይ አንዳንድ ወረቀት አወጡ። ልጁ መልሱ የመስቀል ወፍ የሆነ ጥያቄ ደረሰው፤ ሳይቸገር መለሰ። ቀጥሎ ትርንጎ እጇን ሙዳዩ ውስጥ ከትታ አንዷን ወረቀት አወጣችና ለመሪጌታ ሰጠች። መሪጌታ አነበቡ፦

«እሱን ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። እሱን ለባዕድ ሸጡት። በራብ ዘመን እነሱን የመገባቸው እሱ ነው። እሱ ማነው?»

አዳራሹ በእፎይታ ተነፈሰ። ይህን የማያውቅ ማን አለ? ሰንበቴ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ግራዝማች ራሳቸው ፈገግ ብለው ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። እኔ ሰዓቴን ያዝኩ።

ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ወደ ፊተኛው ወንበር አየች፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች። የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ አፏ ላይ አደረገች። ከአዳራሹ ጀርባ አንድ ሰው መልሱን ሊያቀብላት ሲል «ዝም በል» ተባለ። ሃያ ሴኮንድ። ሃያ አምስት። ያን ጊዜ ልጻፈው ለማለት ጣቷን ነጥብ ወደሚጻፍበት ሰሌዳ፣ ወደ ጠመኔው ዘረጋች። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው፤ እኔ አላየሁም። ሰዓቴን ነበር የማየው። ሠላሳ ሲሞላ ደወሉን አቃጨልኩ።

ግራዝማች ተነሥተው ወጡ። ሲወጡ «ይህችን የማታውቅ ልጅ ምኑን ተማረችው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። መሪጌታ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ የአሸናፊውን ስም ለማንበብ ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው። እኔ አነበብኩላቸው።

ሰኞ ጠዋት ትርንጎ መጻሕፍቷን ልትመልስ መጣች። በማግስቱ ሊወስዷት ነበር። መሪጌታና እኔ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመን ነበር። መጻሕፍቱን ተቀብለው፣

«ልጄ፣ ዮሴፍን ረሳሽው?» አሏት።

«ኧረ አልረሳሁትም የኔታ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

አንገቷን ደፍታ «እሳቸው እኮ ፊት ለፊቴ ነበሩ» አለች።

«ግራዝማች? ቢሆኑስ?»

«ስማቸው ነው።»

መሪጌታ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። በእኛ አገር ምራት የባሏን አባት በስሙ አትጠራም። ሲኖርም አትጠራም፤ ሲሞትም አትጠራም። የጎረቤት ልጅ በዚያ ስም ቢጠራ እንኳ ሌላ ስም ታወጣለታለች። ይህን የማያውቅ የለም፤ መሪጌታም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ግራዝማች ዮሴፍን ስንቱ ሰው ነው በስማቸው የሚጠራቸው? ማዕረጋቸው ስማቸውን ከዋጠው ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። መሪጌታ ጥያቄውን ሲጽፉ ያዕቆብና ልጆቹ እንጂ የኮላ ድባው ሰውዬ ትዝ አላሏቸውም።

«ይርገዱ ብትሰማው» አሉ በመጨረሻ፣ «እንዝርቷ ይቆም ነበር።»

ትርንጎ እጃቸውን ስማ ሄደች። መሪጌታ «ይህን ያደረገው ‹እኔን የሚጠረጥር ካለ› ያለው ሰውዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ተነሡና «አያ ሒሳብ፣ ገበያ በሚውልበት ቀን ሥራ አለህ?» አሉኝ። የለኝም አልኩ። «እንግዲያው ሽማግሌ ትሆነኛለህ።»

በጭነት መኪና ላይ ከእህል ከረጢት ጋር ተጭነን ወደ ደምቢያ ወረድን። ኮላ ድባ ከመድረሳችን በፊት ወንዝ አለ፤ እዚያ አስወረዱን። መሪጌታ ጥምጥማቸውን ፈትተው ለእኔ ሰጡኝ። ከወንዙ ዳር ድንጋይ መምረጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አጥፊ የበደለውን ይቅርታ ሲጠይቅ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው፤ ተበዳዩ «ጣለው» እስኪለው አያወርደውም። ትንሿን ድንጋይ አንሥቼ «ይቺ ትበቃለች፤ ልማዱ ነው እንጂ ክብደቱ አይደለም» አልኳቸው። «የእኔ ጥፋት ትንሽ ነው ያለህ ማነው?» ብለው ወፍጮ የሚያህል አነሡ።

አማራጭ መንገድ ነበር። በገበያው ዳር ዞሮ የሚሄድ። እሳቸው ግን በገበያው መሃል ገቡ። በሰው ፊት ያጠፋ በሰው ፊት ይክሳል፣ ብለው። ጥምጥማቸውን ታቅፌ ከኋላቸው ስከተል እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሰዉ ቀስ በቀስ ዝም አለ። በአገሩ ድንጋይ ተሸክሞ የሚታይ ሰው ነፍስ ያጠፋ ነው። አንድ ሽማግሌ መንገዳቸውን አቋርጠው፣

«ምነው አያ? ደም ነው?» አሏቸው።

«ከደም አይተናነስም አባቴ» አሉ መሪጌታ፤ አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ አለፉ። ላባቸው በጢማቸው ይንጠባጠባል። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ሁለት ጊዜ ላግዛቸው ብዬ እጄን ብዘረጋ «ያንተ አይደለም» አሉኝ። የእኔም እንደ ነበረ፣ ሰዓቱን እያየሁ ልጅቷን እንዳላየኋት ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ግራዝማች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩን ብድግ አሉ።

«ምነው መሪጌታ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ። ለጥፋት ሲሆን «እኔ»ን ከዘጠነኛ ወደ አንደኛ እንደሚያወጡት ያን ቀን አየሁ። «ልጅቷ መልሱን ታውቅ ነበር። ያልተናገረችው የአንቱ ስም ስለሆነ ነው። ያን ጥያቄ ሙዳዩ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ግራዝማች ለጥቂት ጊዜ አልገባቸውም። ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ ተለወጠ። «እኔ እኮ» አሉ በዝግታ፣ «በስሙ የተጠራሁበትን ጻድቅ እንኳ ሳታውቅ ቀረች ብዬ ነበር የተቀየምኩ።» ወደ ቤት ውስጥ ተጣሩ። ትርንጎ ወጣች፤ መሪጌታን ድንጋይ ተሸክመው ስታይ ደርቃ ቀረች።

«አውቀሽው ነበር?» አሏት ግራዝማች።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ምነው ዝም አልሽ? ትምህርትሽ እንደሚቀር እያወቅሽ?»

የመለሱት ከበሩ ጀርባ የቆሙት የግራዝማች ባለቤት ናቸው። «ምን ትበል? እኔስ ሠላሳ ዓመት አብሬ ስኖር ጠርቼው አውቃለሁ?» አሉ።

ግራዝማች ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። ኩራትና ሐፍረት አንድ ላይ ሲመጡ የሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አየሁ። «በቃ፤ ይጣሉት መሪጌታ» አሉ።

መሪጌታ አልጣሉትም። «የበደልኩት አንቱን አይደለም፤ እሷን ነው» ብለው ወደ ትርንጎ ዞሩ። ያ ሊቅ፣ ቅኔ አዋቂው፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው ዐሥራ አምስት ዓመት ላልዘለለች ልጅ አጎነበሱ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ። የግቢው ሰው ሁሉ ወደ እሷ አየ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየንም፤ ሽማግሌ ለልጅ፣ ወንድ ለሴት፣ የኔታ ለተማሪ።

ትርንጎ እያለቀሰች ነበር። «ይጣሉት የኔታ» አለች። ድምፅዋ ስላልተሰማ ደገመችው። «ይጣሉት።»

ድንጋዩ ሲወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። መሪጌታ ወዲያው ቀና ማለት አቃታቸው፤ ግራዝማች ራሳቸው ደግፈው አስቀመጧቸው። ጠላ መጣ፣ እህል ቀረበ። ከበላን በኋላ ግራዝማች «ቃሌ አንደኛ ከወጣች ነበር። የእኔን ስም ጠብቃ ነው እንጂ ወጥታለች» አሉ። «ትማር። እስክትጨርስ ማንም አይነካትም።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «ለትምህርትሽ ሲሆን ጥሪው፤ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት። በማግስቱ ከእኛ ጋር ወደ ጎንደር ተመለሰች። ድንጋዩ ዛሬም በግራዝማች ደጃፍ ላይ ነው፤ ግራዝማች እስኪሞቱ ድረስ እንግዳ ሲመጣ በላዩ አስቀምጠው ታሪኩን ይነግሩት እንደነበር ሰምቻለሁ።

መሪጌታ ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልጠየቁም። በሚቀጥለው ውድድር ቀን አዳራሹ በር ላይ ጠብቀውኝ «ደወሉን ስጠኝ፤ አንተ ጠይቅ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት ደወል ደዋዩ እሳቸው ሆኑ። ሰዓት ግን አይዙም። የተማሪውን ፊት ነው የሚያዩት። ሠላሳ ሴኮንድ አልፎ፣ ደቂቃ አልፎ፣ ሰዉ ሲያጉረመርም እሳቸው ደወሉን ታቅፈው ልጁን ያዩታል። «ምናልባት ሊናገር ነው» ይላሉ። ጎንደር ውስጥ ሰው ሲያስጠብቅህ «የመሪጌታ ሠላሳ ሴኮንድ አደረግከው» መባል የተጀመረው ከዚያ ነው። ጥያቄዎቹን እኔ ሳወጣ በግድ እመት ይርገዱ ዘንድ ወስደው ያስነብቡኝ ነበር። ከጻፍኳቸው ግማሹ ላይ እንዝርቱ ይቆማል።

ትርንጎ ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆነች። የግራዝማችን ልጅ አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች። አማርኛ ነው የምታስተምረው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ተውላጠ ስም። መሪጌታን ግን ከዚያ ቀን በኋላ በስም ጠርታቸው አታውቅም። «እሳቸው ጤና ናቸው? እሳቸውን አየሃቸው?» ነው። አንድ ጊዜ ላበሽቃት ብዬ «ምነው፣ የእሳቸውም ምራት ሆንሽ እንዴ?» አልኳት። «አባት ሁለት አለኝ» አለችኝ ሳትስቅ። «ሁለቱንም አልጠራም።»

በቀብሩ ዕለት የቁስቋም ቅጥር ግቢ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የድሮ ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጥተዋል። ልብስ ሰፊው አርጅቶ ከዘራ ይዞ መጥቷል። እመት ይርገዱ ከፊት ናቸው። ትርንጎ ወረቀቷን ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። «እሳቸው የተወለዱት ከጎንደር ማዶ ባለ ደብር ነው። እሳቸው ቅኔ ለመማር ጎጃም ተሻገሩ። እሳቸው...» ድምፅዋ ጽኑ ነበር። ሕዝቡ ቀስ በቀስ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ከጎኗ የቆሙት ቄስ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ስማቸውን ጥሪ እንጂ፤ የማን እንደሆነ ይታወቅ» አሏት።

ትርንጎ ቆመች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ አፏ ላይ አደረገች። እጄ ከልማዱ የተነሣ ሰዓቴን ልታሳየኝ ስትነሣ ተሰማኝ፤ በእጅጌዬ ሸፈንኩት። ወደ እሷ አየሁ። ዓይኗ እኔን እየፈለገ ነበር።

ከሕዝቡ መሃል አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣሁና ጮክ ብዬ «መሪጌታ ላቀው» አልኩ።

ትርንጎ ራሷን ዝቅ አድርጋ ነቀነቀችልኝ፤ ከዚያ ካቆመችበት ማንበቧን ቀጠለች።